ፊቱ አንድ፥ እንባው ሁለት

አንዳንድ የሲኒማ ተመልካቾች የዌልሱን ተወላጅ ተዋናይ አንቶኒ ሆፕኪንስን፥ «በየፊልሙ ያው ፊት፥ ያው ድምፅ ነው፤ ልዩ ልዩ ጠባይ መልበስ አይኾንለትም» እያሉ ይነቅፉታል። እነዚህ ሰዎች ሰሙን አይተው ወርቁን ሳይፈልጉ የሚፈርዱ ናቸው። ፊትን በቀለም መለወጥ፥ ሥጋንም በረኃብ ማክሳት የሙያው ፍጻሜ ቢኾን ኖሮ፥ ምስጋናው ለቀለም ቀቢው በተገባ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በወጣው «አባት» በተባለው ፊልም አእምሮው የሚከዳው ሽማግሌ ኾኖ፥ ልጁን ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል፤ በመጨረሻም እንደ ሕፃን እናቱን እየጠራ ያለቅሳል። በዚህም በ2021 በ83 ዓመቱ የኦስካርን ሽልማት አገኘ። በ2023 በወጣው «አንድ ሕይወት» ደግሞ፥ በ1939 ከባልንጀሮቹ ጋር 669 ሕፃናትን ከፕራግ ወደ እንግሊዝ ያሻገረውን ኒኮላስ ዊንተንን በእርጅናው ዘመን ያሳያል፤ ይህም ሰው የዳኑት ሲያመሰግኑት፥ ያልዳኑትን እያሰበ ያዝናል።

በሁለቱም ሽማግሌ ነው፥ ፊቱም አልተለወጠም፤ ዳሩ ግን ያኛው ማስታወስ ያቃተው፥ ይህኛው መርሳት ያቃተው ነው። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ የአንዱ እንባ ግን ለሌላው አይኾንም። ይህን ሳይለዩ «ያው ነው» ማለት ተዋናዩን ብቻ ሳይኾን ሽማግሌን ኹሉ አንድ አድርጎ መናቅ ነው።

እንግዲህ ነቃፊው ፊቱን መመርመር ትቶ እንባውን ይመርምር።