በአንዲት ነጥብ ሁሉን መጨመር ይብቃን

በቡድን ሆነን ፕሮግራም በምንጽፍ ተማሪዎች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ይኸውም በትእዛዝ መስጫው ላይ «ጊት አድ» ብሎ ነጥብ በማስከተል፣ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ፍሬውንም ገለባውንም፣ ባንድ ጊዜ መጨመር ነው። ይህን ልማድ እንቃወማለን።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ሥራ ባዘጋጀው በጊት፣ በሥራችንና በመዝገቡ መካከል አንድ የመሰናዶ ስፍራ አለ። «ጊት አድ» ፋይሉን በዚያች ሰዓት እንዳለ ወደዚህ ስፍራ ያቀርበዋል፤ ወደ መዝገቡ የሚያገባው ግን «ጊት ኮሚት» ነው። ከጨመርን በኋላ ያረምነው መስመር ዳግመኛ ካልተጨመረ በኮሚቱ አይገባም። ስፍራው የተሰጠን እንድንመርጥበት ነው፤ ነጥቢቱ ግን ምርጫውን ታስቀርብናለች።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል አንድ ጊዜ ከገባ፣ በማግስቱ ብንሰርዘው እንኳ በቀድሞው ኮሚት ውስጥ ይኖራል። ወደ ሌሎች ከተላከ በኋላ የይለፍ ቃሉን ራሱን ከመለወጥ በቀር አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ኮሚት የአስገቢውን ስም ይይዛልና፣ የጓደኛ ድካምና ማሽን ያመነጨው ፋይል ተደባልቀው በአንዱ ስም ሲመዘገቡ የማን ሥራ የማን እንደ ሆነ ይጠፋል።

«ነጥቢቱ ጊዜ ትቆጥባለች» የሚሉን አሉ። እኛም እንዲህ እንመልሳለን፦ «ጊት ስታተስ» የተለወጠውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከዚያ ውስጥ የሚፈለገውን በስሙ መጥራት የደቂቃ ሥራ ነው። «ጊት አድ» ላይ ሰረዝና «ፒ» ቢጨመር ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይጠይቀናል። የማይገቡትንም «ጊትኢግኖር» በተባለው ፋይል አንድ ጊዜ መዘርዘር ይቻላል፤ አስቀድሞ የተመዘገበውን ፋይል ግን ዝርዝሩ አያግደውም። ስለዚህ ዝርዝሩ መዘጋጀት ያለበት ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ነው።

መምህሮቻችንም የመጨረሻውን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የኮሚቱንም ሂደት ተመልክተው ማርክ እንዲሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። በቡድን ውስጥ የሠራና ያልሠራ የሚለየው በዚያ ነውና። እናንተም ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሚቀጥለው የቡድን ሥራ ጀምሮ ፋይሎቻችሁን በየስማቸው ጨምሩ።