የኋላ ጎማና የሬኮ ጭቃ



ባለፈው ኅዳር፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አንድ የሬኮ አባት እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ስልካቸውን አወጡ። ሚኒሶታ የሚኖረው ልጃቸው ፎቶግራፍ ልኮላቸዋል። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር ፎርድ ሙስታንግ ላይ ተደግፎ ቆሟል። «ኡስታዝ፣ መኪናው ያምራል፤ አልሐምዱሊላህ። እናቱ ግን በዚያ አገር በረዶ መሬቱን ይሸፍናል ሲባል ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች። ይህ ነገር በረዶ ላይ ይሄዳል ወይ?» አሉኝ።

በረዶ ላይ ነድቼ አላውቅም። ሆኖም መጻሕፍቱን አገላብጬ ስመለከት ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ባለ ሁለት በሩ ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ከተጀመረ ወዲህ ሞተሩ ከፊት ሆኖ ኃይሉን የሚሰጠው ለኋላ ጎማ ነው። የእኛዎቹ ሚኒባሶችና አይሱዙዎችም እንዲሁ ናቸው። ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል፤ የሚገፋው ጎማ ግን ከኋላ ነው። መሬቱ ሲያንሸራትት የቀለለው ጎማ መያዣ አጥቶ ባዶውን ይሽከረከራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ዝናብ ተማሪዎች ይዘን ከዲላ ስንመለስ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀዩ አፈር ሳሙና ሆኗል። ሾፌሩ ዳገቱ እንዳያቆመው ነዳጁን አጥብቆ ሲረግጥ የሚኒባሱ ጀርባ ወደ ገደሉ ዞረ። ከመንገዱ በታች ያለው የእንሰት ተክል ባይዘን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ሾፌሩ አቅም አላነሰውም፤ ያጠፋው ችኮላው ነው።

ለአባትየው ይህን ሳስታውሳቸው ወዲያው ገባቸው። ማታ አብረን ለልጁ ደወልን። ቀድሞ ተማሪዬ ስለነበር አልደበቀኝም። መኪናውን ከነበጋ ጎማው ገዝቶታል። በመጀመሪያው በረዶ ቀን መብራት ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናው አልቆም ብሎት መስቀለኛ መንገዱ መሐል ድረስ ተንሸራትቷል። አላህ ጠበቀው፤ ከወዲያ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ለእናቱ ግን አልነገራትም።

እርሱንና እንደ እርሱ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንን የሚጠቅመውን በአጭሩ ላስፍር።

የመጀመሪያው ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ መያዣውን ያጣል። የክረምት ጎማ ግን በቅዝቃዜም እንደለሰለሰ ይቆያል። መቀየር ያለባቸውም አራቱም ናቸው። የኋላዎቹ ብቻ ከተቀየሩ መኪናው ይነሣል እንጂ መታጠፍና መቆም ያቅተዋል።

ሁለተኛው እግር ነው። ነዳጅም ፍሬንም በቀስታ ይረገጣል። ማርሹ በእጅ ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት ይረዳል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ በድንገት መቀነስ የኋላውን ጎማ ይዞ ጀርባውን ያስታል። በግግር በረዶ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በደረቅ አስፋልት ከሚያስፈልገው 10 እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል ከፊት ካለው መኪና በጣም መራቅ ግድ ነው።

ሦስተኛው ጀርባው ከሳተ ነው። ነዳጁን በዝግታ መልቀቅ፣ መሪውን ጀርባው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማዞር፣ ዓይንንም መሄድ ወደሚፈለግበት መንገድ ማድረግ ነው። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከ2012 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ቀላል መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሌለውን መያዣ አይፈጥርም።

መኪናው በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረ አሸዋ ከጎማው ሥር መበተን ይጠቅማል፤ እኛ ድንጋይና ቅርንጫፍ እንደምናደርገው ማለት ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ውስጥ ከመቀመጥ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ማጽዳት ያስፈልጋል። አለዚያ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድላል።

ልጁ ሁሉንም ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ኡስታዝ፣ የአራት ጎማ ገንዘብ የለኝም። ያለኝ ለረመዳን ወደ ቤት ልልከው ያስቀመጥኩት ነው» አለ። አባትየው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ልጄ፣ የዘንድሮው ይቅርብን። ቡናውም ደርሷል፤ አላህ ያብቃቃናል። አንተ ጎማውን ግዛ። በረዶው በጠና ቀን ደግሞ መኪናዋን አቁመህ በአውቶቡስ ሂድ» አሉት።

ውድ ወጣቶች! በአላህ መመካት ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። ነፍስ አማና ናት፤ አብሮ የተሳፈረውም፣ መንገድ የሚያቋርጠውም ነፍስ እንዲሁ። ወላጆችም ብንሆን ልጆቻችን ምን እንደላኩልን ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚሄዱ እንጠይቃቸው። ያ ልጅ ለእናቱ ያልነገራትን፣ ስለጠየቅነው ነግሮናል።

በሳምንቱ ሌላ ፎቶግራፍ መጣ። በዚህኛው መኪናው አይታይም፤ ጥርሱ የወፈረ ጥቁር ጎማ ብቻ ነው። እናቲቱ ደጋግማ አየችውና፣ «ከፊተኛው ይልቅ ይሄ ያምራል» አለች።

አላህ መንገዳችንን ሁሉ የሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።