አሶሳ ፊልም ሠሪ መምህር ያስፈልጋታል

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ጥሩ ብንባል አብዛኞቻችን ወደ ጉባ፣ ወደ ግድቡ ነው የምንሮጠው። የህዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለበት ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ድረስ ከምድርም ከሰማይም ሲቀረጽ ኖሯል። ሲያንሰው ነው። ግድቡን ያቀፈው ክልል ግን በርታውን፣ ጉሙዙን፣ ሺናሻውን፣ ማኦና ኮሞውን ይዞ ከካሜራው ጀርባ ቀርቷል።

ተራው ሲደርሰውም እንዴት እንደሚቀረጽ እናውቃለን። ቡድኑ ከአዲስ አበባ አሶሳ ይገባል፤ የዋዛ ነፊዎች ይጠራሉ። ዋዛ ቅል ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ የበርታ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አንድ ነፊ ብቻውን ዜማ አያወጣም፤ ረጅሙም አጭሩም የየራሱን ድምፅ በየተራው ሲያዋጣ ነው ዜማው የሚሞላው። ፊልሙ ሲወጣ ግን ካሜራው ለዓይን የሚያምረውን ረጅሙን ዋዛ መርጦ ሌሎቹን ቆርጧቸዋል። ነፊዎቹ አንድ ዙር ሳይጨርሱ ተራኪው ስለ «ባህላዊ እሴቶቻችን» ይጀምራል፤ ከሥሩ ኪቦርድ ይገባል። ዋዛን ልናይ ተቀምጠን ዋዛን ሳንሰማ እንነሳለን። ከነፊዎቹ የአንዱም ስም አይጻፍም። ይህን የሚያርም የካሜራ ዓይነት የለም፤ የሚያርመው መምህር ነው።

መምህር ስል ራሱ ፊልም እየሠራ የሚያስተምረውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አገራችን አፍርታለች፤ ወንበራቸው ግን የተዘረጋው ባሕር ማዶ ነው። በአሜሪካ ዌልስሊ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩትን ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ስደት» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልማቸው ወደ ሱዳን የተሰደዱ ሦስት ሴቶችን ታሪክ ይነግረናል። ሪፖርት ሁሉ የስደተኛ ቁጥር ሲደረድር እሳቸው ከሦስት ሴቶች ጋር ቁጭ አሉ። ቆየት ብለው በሠሩት «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በአብዮቱ ዘመን ደብዛው የጠፋ ወንድማቸውንና የተገደለች የልብ ጓደኛቸውን ይዘው የአንድ ትውልድን ቁስል ነካኩ።

እነዚህ ሁለት ጉዳዮች፣ ስደትና የትውልድ ቁስል፣ ዛሬ የአሶሳ ጉዳዮች ናቸው። ያኔ ኢትዮጵያዊው ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ሱዳናዊው በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ይሻገራል። ሸርቆሌና ባምባሲም ከዚያ በፊት ጀምሮ ስደተኛ ሲያስጠልሉ ኖረዋል። በዚሁ ክልል ያለው መተከል ዞንም በቅርብ ዓመታት ያየው ግድያና መፈናቀል አለ። የዚያን ጊዜ ዜና የሞተውን ቆጥሮ አለፈ፤ የተረፈው ግን እስካሁን ቁጭ ብሎ የሚሰማው ይፈልጋል። በጉሙዝኛም በሺናሽኛም በአማርኛም ለሁሉም እኩል ጆሮ የሚሰጥ፣ እንባ ሲመጣ ካሜራ መቼ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

ሁለተኛውን ምሳሌ፣ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን የምናውቃቸው በ«ጤዛ» ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «አድዋ» ዘጋቢ ፊልም መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውን የሚያነሳ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። «ጤዛ»ን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ያን ያህል ለመታገሥ በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ሳይረዳ አይቀርም፤ ስፖንሰር በሰጠው ቀነ ገደብ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይጠብቅም። ከክፍላቸው የወጡትን ደግሞ እዩ፤ «አራይቫል» በተሰኘው ፊልም ለኦስካር የታጨው የካሜራ ባለሙያ ብራድፎርድ ያንግ የሃዋርድ ተማሪ ነበር። አንድ መምህር ፊልሞቹን ብቻ ሳይሆን ፊልም ሠሪዎችንም ትቶ ያልፋል።

«ሐኪምና መሐንዲስ ያነሰው ክልል ስለ ፊልም ምን አስጨነቀው?» የሚል አይጠፋም። ሐኪምና መሐንዲስ ይቅደሙ፤ አልከራከርም። ግን ሕንፃና ላቦራቶሪ አልጠየቅንም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከአሥር ዓመት በላይ ያስተማረ ተቋም ነው፤ ክልሉም የራሱ መገናኛ ብዙኃን አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ሁለተኛ ዲግሪ ካስመረቃቸው አንዱን ወይም አንዷን ቀጥሮ ጥቂት ካሜራ፣ ጥሩ ማይክና ሁለት የኤዲቲንግ ኮምፒውተር ማዘጋጀት የማይቻል ነገር አይደለም። ድምፅን ከምስል እኩል ማስተማር ግን ግዴታ ይሁን፤ የዋዛው ነገር ያስተማረን ይህንን ነው።

ቅጥሩ ሁለት ነገር ቢያካትት ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ መምህሩ ከማስተማር ጎን ለጎን የራሱን ፊልም የሚሠራበት ጊዜ በውሉ ይጻፍለት፤ ያለዚያ ከዓመት በኋላ የምረቃ በዓል ቀራጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ተማሪው የሚመረቅበትን አጭር ፊልም በተቀረጹት ሰዎች ቋንቋ ሠርቶ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያድርግለት፤ መጀመሪያም የተቀረጸበት ቀበሌ ሄዶ ያሳይ። ባለቤቶቹ «ይህስ እኛ አይደለንም» ካሉት ወደ ኤዲቲንግ ይመለስ። ከዚህ የሚበልጥ ፈታኝ የለም።

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይህን ካነበባችሁ፣ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት አንድ የፊልም መምህር ቅጥር አስገቡ። የግድቡን ፊልም ሌሎች ሠርተውላችኋል፤ የሕዝቡን ፊልም የሚሠሩት ግን የራሳችሁ ልጆች ናቸው።