የድመት ጥርስና የሰው እጅ



በዚህ ወር ከኩዌት፣ አርዲያ ከሚባለው ሰፈር፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን የላከችው ጥያቄ ደርሶናል። «የአሠሪዎቼ ድመት ገና ግልገል ናት። በጨዋታ መካከል እጄን ትነክሳለች፤ ሕፃናቱንም ቧጭራለች። ጥፋቱ በእኔ ላይ እንዳይቈጠር እሰጋለሁ። ልምታት ወይስ ልተዋት?» ትላለች። ጥያቄው ድመት ያለበትን ቤት ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ በዚህ ዓምድ ልንመልስ ወደድን።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት እኛን መነኮሳትን ፈገግ ቢያሰኘንም ስለ ድመቷ የሚናገረው እውነት ነው። የቤት ድመት የዱር ድመት ልጅ ናት። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች፣ 9,500 ዓመት ገደማ የሆናት ድመት ተገኝታለች፤ ከሰው ጋር የኖረችበት ዘመን ይህን ያህል ረጅም ነው። ወደ ሰው ቤት የሳባት እህሉን ተከትሎ የመጣው አይጥ ነበር። በገዳማትም ጎተራውንና የብራና መጻሕፍቱን ከአይጥ በመጠበቅ እንጀራዋን የምትበላ አገልጋይ ናት። እንግዲህ ማድባት፣ መዝለል፣ በፊት እግር ይዞ በኋላ እግር መቧጨርና መንከስ የተፈጠረችበት ሥራ እንጂ ክፋት አይደለም። ግልገሏ ስትጫወት አደን እየተማረች ነው።

የንክሻን ልክ የሚያስተምሯት ግን እናቷና አብረዋት የተወለዱት ናቸው። አንዷ ጠንክራ ስትነክስ የተነከሰችው ጮኻ ጨዋታውን ትታ ትሄዳለች፤ ነካሿም ብቻዋን ስትቀር ጥርሷን ማለዘብ ትማራለች። ይህ ትምህርት በይበልጥ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። ቀድማ ከእናቷ የተለየችና ብቻዋን ያደገች ግልገል ግን ልኩን ሳታውቅ ታድጋለች። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ደግሞ የወተት ጥርሷ እየረገፈ ሌላ ስለሚተካ ያገኘችውን ሁሉ ማኘክ ያምራታል።

በኩዌት ሌላም ምክንያት ይጨመራል። በእኛ አገር ክረምት በሚሆንባቸው ወራት በዚያ ሐሩሩ ይበረታል፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. 53.9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለው ወቅት በርና መስኮቱ ተዘግቶ የምትውል ድመት የምታድነው ስታጣ የምታገኘው የሚንቀሳቀስ ነገር የሰው እጅና እግር ብቻ ይሆናል።

እኅታችን ሆይ፣ አትምቻት። የተመታች ድመት ለጨዋታ ትነክስ የነበረውን በፍርሃት ትነክሳለች፤ የፍርሃት ንክሻ ደግሞ ይከፋል። ይልቁንም እጅሽን መጫወቻ አታድርጊው። ስትነክስሽ እጅሽን በድንገት አትንጠቂ፤ የሚሸሽ ነገር አደን ይመስላታልና። ጸጥ በዪ፤ ስትለቅሽ ያለ ጩኸት ተነሥተሽ ለጥቂት ደቂቃ ተለያት። ንክሻ ጨዋታን እንደሚያስቀር በዚህ ትማራለች።

በእጅሽ ፋንታም የምታድነውን ስጫት። በዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ገመድ የተንጠለጠለ ጨርቅ ይበቃል። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ አጫውቻት፤ በመጨረሻ ጨርቁን እንድትይዘው ፍቀጂላት፤ ከዚያም መኖዋን ስጫት። አድና፣ ይዛ፣ በልታ ትተኛለች። ገመዱን ግን ከጨዋታው በኋላ አንሺው፤ ብትውጠው ይጎዳታልና። ስትዳብሻትም ጅራቷን ብትወዛውዝ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ብታጥፍ፣ የጀርባዋ ቆዳ ቢርገበገብ «በቃኝ» ማለቷ ነውና እጅሽን አንሺ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የቤቱ ሰው በአንድ ሥርዓት ሲሄድ ነው። አንቺ የከለከልሽውን ሕፃናቱ በእጃቸው ቢያጫውቷት ድመቷ ሁለት ሕግ ትማራለችና ለእመቤቲቱ አስቀድመሽ ንገሪያት። አስቀድሞ የተነገረ ነገር በኋላ እንደ ጥፋት አይቈጠርም። ትልቅና ጨዋ የነበረች ድመት በድንገት መንከስ ብትጀምር ግን ጥርሷን ወይም ሌላ አካሏን ሳያማት አይቀርምና የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው ስለ ቁስሉ ነው። የድመት ጥርስ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ግን ጥልቅ ይሆናል፤ በአፏ ያለውም ተሕዋስ በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ቆዳን የበሳ ንክሻ ሁሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ይየው። ይልቁንም እጅ ላይ የሆነ እንደሆነ፣ እብጠትና መቅላት እስኪመጣ አይጠበቅ። አሠሪን በመፍራት ቁስልን መሸሸግ ጣትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

በአገራችን ያላችሁ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን አትርሱ። በሽታው በአብዛኛው በውሻ ቢተላለፍም በድመትም ይተላለፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። ወደ ጸበል የምትመጡ ወገኖቻችን ጸበሉንና ክትባቱን አታጣሏቸው። ተጠመቁ፤ ክትባቱንም ውሰዱ። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ በሽታው ግን ሱባኤያችሁ እስኪፈጸም አይጠብቅም። ልጆቻችሁንም በገዳሙ ዕቃ ቤት ደጅ የሚውሉትን ድመቶች በዓይናቸው እንዲያዩ እንጂ በእጃቸው እንዳይነኩ ምከሩልን።

ይቆየን።