ብርድ ሲመጣ የአየር መውጫውን አትድፈኑት

 

ጥቅምት ገብቷል። ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ መዝለቅ ጀምሯል። ታክሲ ውስጥም የተለመደው ክርክር ተመልሷል፤ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ "ኧረ ዝጋው ወንድም፣ ብርድ አስመታኸን እኮ!" ይባላል። የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ረዘም ይላል። ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የምነግራችሁ እኔው ራሴ ስለሠራሁት ስህተት ነው።

አምና በዚሁ ሰሞን ተመላላሽ ክፍል እየሠራሁ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ሳል፣ ትኩሳት፣ ፈጠን ያለ አተነፋፈስ። የሳንባ ምች ነበር፤ ሆኖም አልጋ የሚያስይዝ ደረጃ ላይ አልደረሰም። መድኃኒቱን አዘዝኩ፣ አሰጣጡን አስረዳሁ፣ "ይህን ይህን ምልክት ካየሽ ቶሎ ተመለሺ" አልኳት። ተነስታ ልትወጣ ስትል፣ እኛ ሐኪሞች ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣውን አንድ ነገር ጨመርኩ፦ "ከብርድ ጠብቂው፣ እሺ?"

"እሺ ዶክተር" ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ስገባ እናትና ልጅ ኦክስጅን ተደርጎላቸው አገኘኋቸው። በሩን ሰብረው ያመጧቸው ጎረቤቶች ናቸው። እናትየው ምን አድርጋ መሰላችሁ? እኔ ያልኳትን። የተከራየቻት አንድ ክፍል ቤት ከመስኮቱ በላይ ሁለት የአየር መውጫ ቀዳዳዎች አሏት። ብርዱ የሚገባው በእነሱ ነው ብላ በፌስታልና በጨርቅ ደፈነቻቸው። የበሩን ስር በፎጣ ዘጋች። ከዚያ የከሰል ምድጃውን ከአልጋው አጠገብ አድርጋ ልጇን አቅፋ ተኛች።

ሁለቱም ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ሲሻላት አጠገቧ ቆሜ "ለምን?" አልኳት። "ብርድ እንዳይነካው ብዬ ነው ዶክተር" አለችኝ። "አንተው አይደለህ ያልከኝ?" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አላለችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ አቋም ያዝኩ። ዛሬ ለእናንተም ለሙያ ጓደኞቼም የምለው እሱን ነው፦ "ከብርድ ጠብቂው" ግማሽ ምክር ነው። ግማሽ ምክር ደግሞ አንዳንዴ ከዝምታ ይብሳል። ሌላኛው ግማሽ "ቀዳዳውን ግን እንዳትደፍኚ፣ ከሰል ይዘሽም እንዳትተኚ" የሚለው ነው። ለመናገር አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

የተደፈነ ቤት ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ስለዚህ ሰውነታችን "ውጣ፣ ሽሽ" የሚልበት መንገድ የለውም።

ደማችንን እንደ ታክሲ አስቡት። ወንበሩ ሄሞግሎቢን ነው፤ ተሳፋሪው ኦክስጅን። ኦክስጅን ሳንባ ላይ ይሳፈራል፣ አንጎልና ልብ ጋ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወንበሩን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጥንካሬ ነው። አንዴ ከተቀመጠ ወራጅ የለም። ታክሲው ሙሉ ሆኖ ይዞራል፣ አንጎል ግን የሚጠብቀው ሰው አይደርሰውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ትሸወዳለች። ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አትለይም። በሽተኛው እየታፈነ 98 ልታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ቤታችሁ ያለችውን መለኪያ አይታችሁ "ደህና ነው" ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት ነው። አዎ፣ ጉንፋን ይመስላል። ልዩነቱን የሚያሳብቁ ነገሮች አሉ፦ አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ትኩሳት ከሌላቸው፣ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ከተሻላቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ችግሩ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን አይሰማውም። ከእንቅልፍ ወደ ራስ መሳት ነው የሚሻገረው።

ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ

"ከሰሉ በደንብ ከቀላና ጭሱ ካለቀ በኋላ ቢገባስ?" በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ አይደሉም። ጭሱ ያለቀለት ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስለውም እንደዚያው።

"ውሃ አጠገቡ ባስቀምጥስ?" ውሃ ጋዙን አይመጥም።

"መስኮት ገርበብ ባደርግስ?" ይቀንሰዋል፤ ግን ለእንቅልፍ ዋስትና አይሆንም። ምን ያህል ክፍተት እንደሚበቃ ማንም በዓይኑ ለክቶ ሊነግራችሁ አይችልም። ስትተኙ ከሰሉ ከቤት ይውጣ፤ በቃ።

"ወተት ቢጠጣ፣ ክብሪት ቢያሸቱትስ?" ጋዙ የገባው በሳንባ ነው፣ ያለው ደም ውስጥ ነው። ወተት እዚያ አይደርስም። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት መጨመር ደግሞ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሌላ አደጋ ያመጣል።

እና ብርዱንስ ምን እናድርገው?

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ "ከሰል አትጠቀሙ" ብለው ይጨርሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከነልጆቿ ለምትኖር እናት ይህ ምክር አይደለም፤ ቁጣ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ እውነት ነው። ሰው ብርዱን የሚሸሸው ባለማወቅ አይደለም።

የኔ ምክር አንድ መስመር ነው፦ ክፍሉን ከመድፈን ይልቅ ሰውየውን አሙቁ።

1. ከላይ ያለው የአየር መውጫ በምንም ምክንያት አይደፈን። ነፋሱ አልጋችሁ ላይ የሚመጣ ከሆነ አልጋውን አዙሩት፣ ከመስኮቱ አርቁት። በበሩ ስር ለሚገባው ነፋስ ጨርቅ ማድረግ የምትችሉት ውስጥ ምንም የሚነድ ነገር ከሌለና የላይኛው ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው።

2. ቡና ስታፈሉ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱ ምድጃውን አውጡ። "ቤቱን ያሙቅልን" ተብሎ አይተው።

3. ቅዝቃዜ ከስርም ይመጣል። ወለል ላይ የምትተኙ ከሆነ ከፍራሹ ስር ካርቶን ወይም ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ለውጥ አለው።

4. ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ደራርባችሁ ልበሱ። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጋቢ። ከመተኛት በፊት ትኩስ ነገር ጠጡ።

5. ለጨቅላ ሕፃን ከማንኛውም ምድጃ የእናቱ ደረት ይበልጣል። ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ ከላይ ሸፍኑት፤ ፊቱን ግን አትሸፍኑት።

አራስ ቤት ያላችሁ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። "ንፋስ እንዳያገኛት" ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ ከዚያ ገንፎው፣ ቡናው፣ እጣኑ፣ ከሰሉ፣ ጠያቂው። የምታደርጉት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቶቻችንም እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጉን። ግን ሕፃን ከትልቅ ሰው ፈጥኖ ነው የሚተነፍሰው፤ ጋዙንም ፈጥኖ ይስበዋል። ነፍሰ ጡር ከሆነችም ለእናቲቱ ቀላል የሚመስል መመረዝ ማኅፀን ውስጥ ያለውን ልጅ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሳንባ ምችን የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው፤ በቀዳዳ የገባ ነፋስ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚተነፍስበት የታፈነ ክፍል ለጉንፋንም ለቲቢም የተመቸ ነው። "በሽታ እንዳይገባ" ብለን የምንደፍነው ቀዳዳ በሽታው የሚወጣበት ነበር።

ለአከራዮችና ለአሠሪዎች

ግቢያችሁ በር ላይ ያለችውን የጥበቃ ቤት አይታችኋታል? ቆርቆሮ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መስኮቷ የማትከፈት። ጋሼ ጥበቃው ሌሊቱን እዚያ ነው የሚያድሩት። ብርዱን የሚችሉት በምን ይመስላችኋል? ከሰል ገዝታችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ያሰባችሁት ደግ ነገር ነው፤ ግን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ካፖርትና ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ስጧቸው። ሰርቪስ ቤት የምታከራዩም፣ ክፍሏ አየር መውጫ ከሌላት አውጡላት። አንድ ግንበኛ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ስር ጀነሬተር የምታስነሱም እንደዚሁ፤ ጋዙ ተመልሶ ቤት ይገባል።

ውጭ ሀገር ላላችሁ

አንድ አሜሪካ የሚኖር ተከታታያችን በኢንቦክስ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ "ቤቴ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ከወለሉ ስር ባዶ ቦታ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የአየር ማስገቢያዎች። ክረምት ሲመጣ የውሃ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ልዝጋቸው?" ጥያቄው ከእኛዋ እናት ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ነው። ከመዝጋትህ በፊት "እዚያ ውስጥ የሚነድ ነገር አለ ወይ?" ብለህ ጠይቅ። በጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ወይም የውሃ ማሞቂያ ከወለሉ ስር ተገጥሞ አየሩን ከዚያው የሚስብ ከሆነ፣ ማስገቢያውን ስትዘጋ እሳቱን አየር ታሳጣዋለህ፤ በደንብ ያልነደደ ጋዝ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የሚነድ ነገር ከሌለ ግን በክረምት መዝጋቱ በዚህ በኩል አያሰጋም። ካለ ባለሙያ ሳያየው አትዝጋ። በሁለቱም ሁኔታ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኝታ ክፍሎች አጠገብ ግጠም፤ ይህ ጋዝ መኖሩን የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ ላይ ያ ከባድ ብርድ መጥቶ መብራት ሲጠፋ፣ ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ብዙ ሰዎች ተመርዘዋል። ከሞቱት መካከል የእኛው ሀገር ሰዎች ነበሩ። ሀገሩ ሲቀየር ብርዱን የምንሸሽበት መንገድ ብዙም አይቀየርም።

ድንገት ከደረሰ

በርና መስኮት በርግዱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ። እናንተም እዚያ ክፍል ውስጥ አትቆዩ፤ ሊያድን ገብቶ የወደቀ ሰው አለ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መጫን የሚችል ሰው ወዲያው ይጀምር። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋን ጥሩ። ሐኪም ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ከሰል ነበር" ይሁን። ይህቺ ቃል ሕክምናውን ትቀይረዋለች።

"ንጹህ አየር አግኝቶ ነቅቷል፣ ምን ሆስፒታል ያስፈልገዋል" አትበሉ። በተራ አየር የጋዙ መጠን ደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በሆስፒታል ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ድኖ ከሄደ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥና የእንቅስቃሴ ችግር ይመጣበታል። ከታየ ተመለሱ።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ቃል። ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ ለአንድ ሰው ያለን ጊዜ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ግን "ከብርድ ጠብቂው" ለማለት ጊዜ ካገኘን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለማለትም አናጣም። የምናክማት እናት የምንላትን ታደርጋለች። ሙሉውን እንንገራት።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ከመስኮቱ በላይ ተመልከቱ። የተጠቀጠቀ ፌስታል ካለ አውጡት። ከዚያ ይህን ጽሑፍ ለእናታችሁ፣ ለአከራያችሁ፣ አራስ ላለባት ጓደኛችሁ ላኩላቸው። ስማርት ስልክ የሌላቸው ጋሼ ጥበቃው ጋ ደግሞ ወርዳችሁ በቃል ንገሯቸው።

ጤና ይብዛላችሁ!