ስፕሬዩ መተማ ላይ ይፈተን፤ ውኃው ግን ይቅደም

ተከላካዩ ሸርተቴ ይገባል። ኳሷን ያገኛታል፣ ጭብጨባ ይቀልጣል። ሲነሳ ግን ከጉልበቱ በላይ ያለው ቆዳ ሜዳው ላይ ቀርቷል። አፈርና ደም ተለውሰው ይታያሉ። ወጌሻው የውኃ ላስቲኩን ይዞ ይሮጣል፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ ከመስመሩ ዳር የቆመው ተመልካች ደግሞ «ተነስ እንጂ፣ ጭረት እኮ ነው!» ይላል። ልጁም ይነሳል። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ለማየት መተማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባም በየሰፈሩ ሞልቷል። መተማ ላይ ግን ጭረቱ ራሱ ይለያል።

መተማ ሲባል ታሪክ አንባቢ መጋቢት 1881 ዓ.ም የወደቁትን አፄ ዮሐንስ 4ኛን ያስባል። ነጋዴው ሰሊጥ ይታየዋል፣ ሐኪሙ ካላዛር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ዜና ተከታታዩ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ ድንበሩን የተሻገረውን ሕዝብ ያስታውሳል። የኳሱ ቤተሰብ ነው ቆላውን የረሳው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ዓይን ሁሉ ደጋው ላይ፣ ጎንደር ላይ ነበር። ከጎንደር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ በአርባ ዲግሪ ሙቀት የሚጫወት ወጣት እንዳለ ማን አሰበ?

ወደ ስፕሬዩ እንምጣ። ስፕሬይ ሲባል የእኛ ተመልካች ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው ወጌሻው ቁርጭምጭሚት ላይ ፍስስስ ሲያደርገው ያለቀለት የመሰለውን አጥቂ እንደ አልዓዛር የሚያስነሳው ቀዝቃዛው ስፕሬይ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ በ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ ዳኞች የቅጣት ምት መስመር ያሰመሩበት ነጭ አረፋ ነው። እዚህ የሚነሳው ሦስተኛው ነው፤ የሚረጭ ፈሳሽ ፕላስተር። ከቀዝቃዛው ጋር መምታታት የለበትም። ቀዝቃዛው ለጊዜው ሕመም ያደነዝዛል እንጂ ክፍት ቁስል ላይ አይረጭም። ይሄኛው ግን በትንንሽ ጭረትና ቁርጠት ላይ ይረጭና ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ይተዋል። ሽፋኑ ውኃና ቆሻሻ ይከላከላል፣ ከታች ያለው ቁስል ቢቀላ ይታያል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ራሱ ተልጦ ይወድቃል።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ በ1840ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ ጆን ፓርከር ሜይናርድ የተባለ የሕክምና ተማሪ ለፈንጂ የሚሆነውን የተቀመመ ጥጥ በኢተርና በአልኮል አሟሙቶ ቁስል ላይ ቀብቶታል። ኮሎዲዮን የሚባለው ነው። ሁለተኛው መንገድ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ በ1942 የኮዳክ ኩባንያ ባለሙያ ሃሪ ኩቨር ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ የነካውን ሁሉ የሚያጣብቅ ነገር ገጠመው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሐኪሞች ደም ለማቆም ረጩት። ለቆዳ ተብሎ የተሠራው ዓይነት በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተፈቀደው ግን ገና እ.ኤ.አ በ1998 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ችግር አለው? አምጥቶ መርጨት ነው እንጂ! የሚል አይጠፋም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ቢገኝ፣ የቡድኑ አሰልጣኝም ደስ ብሎት ቢቀበል አይፈረድበትም። በጨዋታው ሕግ የሚደማ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ ደሙ መቆሙን ዳኛው ሳያረጋግጥ አይመለስም። ማሊያው ላይ ደም ካለ ይቀየራል። በአሥር ሰው መጫወት የመረረው አሰልጣኝ በደቂቃ ውስጥ ደም የሚዘጋ ነገር ካገኘ ምን ያደርጋል? ይረጫል። ምኑ ላይ? አፈሩ ላይ!

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ቆላው ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ታኬታ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ የተላጠ ጉልበት ሳይታጠብ በስስ ፕላስቲክ ከተሸፈነ አፈሩ ከነተሐዋስያኑ ተዘጋበት ማለት ነው። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው፤ የሚመቸውም አየር በሌለበት ቦታ ነው። እርግጥ መንጋጋ ቆልፍ በይበልጥ የሚፈራው በጥልቅ ቁስል ነው። ግን የተረሳ ነገር አለ። ለአዋቂዎች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለዓመታት ያተኮረው በመውለድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ሥራው ፍሬ አፍርቷል፣ እናቶችንና ጨቅላዎችን አድኗል። በልጅነቱ ክትባት ያለፈው የሃያ ዓመት ወንድ ተጫዋች ግን ማን ጠይቆት ያውቃል? ኳስ ሜዳ ላይ ከሚወድቁት አብዛኞቹ ደግሞ እሱን መሳዮቹ ናቸው።

«ጭረት ናት» ለሚለው ተመልካችም መልስ አለ። እ.ኤ.አ በ2003 ሴንት ሉዊስ ራምስ በተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ውስጥ ከ58 ተጫዋቾች አምስቱ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ቆዳቸውን መረቀዘው። የተመረቀዘው ሁሉ ሰው ሠራሽ ሣር የላጠው ቦታ ነበር። ሐኪም፣ ወጌሻና ገንዘብ ሞልቶ በተረፈበት ክለብ ነው ይሄ የሆነው።

እንግዲህ ስፕሬዩ ይቅር? አይደለም፤ ይፈተን። ግን የሚፈተነው ለማን ነው? ደጋ ላይ፣ ነፋሻ አየር ውስጥ የሠራ ነገር ቆላ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ከሜዳው ውጭ መጫወት ምን እንደሆነ የኳስ ሰው ያውቀዋል። በአርባ ዲግሪ ላብ እንደ ጅረት ይወርዳል፤ ሽፋኑ እርጥብ ቆዳ ላይ ይይዛል ወይ? ጉልበት በታጠፈ በተዘረጋ ቁጥር ይሰነጠቃል ወይ? ዘጠና ደቂቃ ይቆያል ወይስ ከእረፍት በኋላ ተልጦ ካልሲ ውስጥ ይገኛል? ቆርቆሮውስ? እንዲህ ያለ ስፕሬይ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካው ተብሎ ይጻፍበታል። በሚያዝያ ቀትር ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ እዚያ መድረስ ቀልድ ነው። ፈሳሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣጣይ ነው፤ ተጠባባቂ ወንበሩ ጀርባ ሲጋራ የሚያጨስ ደጋፊ በማይጠፋበት አገር!

ሙከራው በወግ ይሁን። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይወቀው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየው፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይምሩት፤ ቆላውንና ካላዛርን ለዓመታት ያውቁታልና። ካላዛር የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ የታመመ ሰው ቁስል እንደ ጤነኛው ይድናል ተብሎ አይገመትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማን ጤነኛ እንደሆነ ይለይ። ተሳታፊው ፈቅዶ የገባ አዋቂ ተጫዋች ይሁን እንጂ «ና አንተ፣ እግርህን አምጣ» የተባለ የትምህርት ቤት ልጅ አይሁን። ሁሉም ቁስሉ ይታጠብለት፤ ከዚያ ለአንዱ ስፕሬይ፣ ለሌላው ተራው ፋሻና ፕላስተር በዕጣ ይድረስ። ከዚያ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንቱ መረቀዘ፣ ስንት ብር ወጣ ተብሎ ይቆጠር። የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ በሚገዛበት ብር ስንት ጥቅል ፋሻ ይገኝ እንደነበር ሳይታወቅ «ይሠራል» ማለት ግማሽ መልስ ነው።

«መሠረታዊ መድኃኒት በቅጡ በማይደርስበት ጠረፍ፣ ያውም ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ግጭት በናጠው ክልል የስፕሬይ ሙከራ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ነጥብ አለው። ግን መተማና ቋራን የሚያውቅ ሰው በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ያስታውስ። ማጭድ ጣቱን ጫር አድርጎት፣ ጨርቅ ጠምጥሞበት፣ በዚያው እጁ ሲያጭድ የሚውል ሰው ነው። ፋሻ በላብና በአቧራ አንድ ሰዓት አይቆይለትም። ስፕሬዩ በእርግጥ ቢሠራ ከተከላካዩ በላይ የሚጠቅመው እሱን ነው። ኳስ ሜዳው መሞከሪያ የሚሆነው ወጌሻ፣ ሰዓትና ተመልካች ስላለው ብቻ ነው።

ለጊዜው ግን ቡድኖች ሙከራ እስኪደረግ መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ነገር አለ። ውኃና ሳሙና። ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውኃ ቁስል ለማጠብ ከጤና ጣቢያው የጨው ውኃ እንደማያንስ የተሰባሰቡ ጥናቶች ያሳያሉ። ቧንቧ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ። የሚታይ አሸዋ እስኪወጣ ቢያመውም ይታጠብ። ጥልቅ የሆነው፣ የተወጋው፣ እንስሳ የነከሰው፣ ዓይን አጠገብ ያለው የስፕሬይ ጉዳይ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር አይታለፍ። «ያው ማጣበቂያ አይደል?» ብሎ ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዝቶ ቁስል ላይ የሚያፈስ ጀግና አይጠፋም። በዘር ይዛመዳሉ፣ እውነት ነው። የሱቁ ግን ጫማ ለማጣበቅ እንጂ ለሰው ተብሎ አልተሠራም፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ሥጋንም ያስቆጣል። ወጌሻ ነኝ ብሎ እሱን ሳጥኑ ውስጥ የያዘ ካለ ለታኬታው ያስቀምጠው።

ሙከራው የሚጀመር ከሆነም ቀኑ በነሐሴ ዝናብ ወይም በኅዳር ብርድ አይመረጥ። በሚያዝያ፣ ዋልካው ተሰንጥቆ፣ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀምሮ ይታይ።