የኮሌጅ ስም አይጠናም

ይድረስ፦ በካላክላ ለምትገኙ፣ ባዮሎጂ ለመማር ኮሌጅ ለምትመርጡ ወንድሞችና እኅቶች፤

ሰሞኑን ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚደጋገም ምክር አለ። «ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ካልተገኘ ዓመት ሁለት ዓመት መጠበቅ ይሻላል፤ ባዮሎጂም ቢሆን ሕክምና ላልደረሰው የተተወ ትርፍራፊ ነው» ይባላል። ይህ ምክር ሁለት ጥፋት አለበት። ትምህርቱን ይንቃል፤ ኮሌጁንም በሩ ላይ በተጻፈው ስም ይለካል። በዝምታ ከታለፈ ስንቱ ወጣት ዕድሜውን በመጠበቅ ይጨርሳል!

ለመሆኑ ትርፍራፊ የተባለው ምንድን ነው? በ1964 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ በሚወርደው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉት እንዲህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ከእናቶቻችን ሙያ ትልቅ ምርምር ተወለደ። ሐኪም የታመመውን ያድናል፤ የውሃውን ፍጥረት የሚያውቅ ባዮሎጂስት ግን መንደሩ እንዳይታመም ያደርጋል። አዎን፣ ዶክተር አክሊሉ ስመ ጥር በሆነ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። እንዶዱን ያገኙት ግን ወንዝ ዳር ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታስ? በ1973 የተመረቁት ከአዲስ አበባ ርቆ ከሚገኘው ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው። በአሜሪካ ትምህርታቸውን ቀጥለው እዚሁ ሱዳን መጡና፣ በ1983 ሃጂን ዱራ 1 የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ። በኋላም አቀንጭራ የማይበግረው ማሽላ አስገኝተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዱራ እየበላን ከምንኖረው ስደተኞች ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?

የካርቱም ዩኒቨርሲቲንስ ስም ያገነነው ምንድን ነው? በ1902 ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ፤ በዓመቱ የዌልካም የምርምር ላቦራቶሪ በግቢው ሥራ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ ቆየት ብለው ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ አሠርተው በአባይ ላይ ወደ ደቡብ ይጓዙ ነበር። ስሙ ከሥራው መጣ እንጂ ሥራው ከስሙ አልመጣም።

«ፓስፖርት ለሌለው ስደተኛ ስም መንገድ ይከፍታል» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ዲግሪው በሌላ አገር ተቀባይነት እንዳለው፣ የትምህርት ማስረጃውም ከጦርነት በኋላ ሊገኝ እንደሚችል ሳያረጋግጡ መመዝገብ ሞኝነት ነው። ሆኖም በ2023 ሚያዝያ ወር የተነሣው ጦርነት ስመ ጥሩን ከስም የለሹ አልለየም። ሕንጻ ተቃጠለ፤ ዕቃ ተዘረፈ፤ ተማሪ ተበተነ። ዕውቅና ሌላ፣ ዝና ሌላ። ዕውቅናውን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ዝናውን ለወሬኛ ተዉለት።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ጠይቁ። በሳምንት ስንት ሰዓት ቤተ ሙከራ ይገባል? አንዱን ማይክሮስኮፕ ስንት ተማሪ ይካፈለዋል? ደርቀው የተሰበሰቡ፣ ስማቸው የተጻፈላቸው ዕፀዋት አሉ? መምህሩ ወደ ወንዝና ወደ እርሻ ይዞ ይወጣል ወይስ አሜባን በሰሌዳ ስሎ ያስገለብጣል? መምህራን በሚሠለጥኑበት ቤት ማይክሮስኮፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሲኖር አይቻለሁ። ከዚያ የወጣ መምህር እርሱ የገለበጠውን ሥዕል ለልጆች ያስገለብጣል፤ እነርሱም በተራቸው እንዲሁ።

ከጣና የሚወጣው አባይ ከ1925 ጀምሮ የገዚራን እርሻ ያጠጣል፤ ቦዮቹም ከጥጡ ጋር ቢልሃርዝያን አስፋፍተዋል። በዚያው በዋድ መዳኒ በ1975 የተቋቋመውን የገዚራ ዩኒቨርሲቲን «የክፍለ ሀገር ነው» ብሎ የሚንቅ የባዮሎጂ ተማሪ፣ መጽሐፉ ደጁ ላይ ተዘርግቶለት ሽፋኑን ፍለጋ ይዞራል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስም እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። ማስረጃው የታመነ፣ ቤተ ሙከራው ክፍት፣ መምህሩ ጫማው ጭቃ የነካው ኮሌጅ ከተገኘ ትንሽም ቢሆን ዛሬውኑ ግቡ። ነገ አገራችን ገብተን ከልጆች ፊት ስንቆም የሚጠይቁን የተማርንበትን በር አይደለም። «ይህ ውሃ ይጠጣል ወይ?» ብለው ነው የሚጠይቁን።